ሃያ ስድስት ቅዳሜ

ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «አቤት ጥንካሬ!» ይላት ነበር። ጥንካሬ አለመሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። ልብሱን ስታከፋፍል፣ ጫማውን ከአልጋ ሥር ስታወጣ፣ የጥርስ ብሩሹን ስትጥል አላለቀሰችም። ሊያጽናናት የመጣውን ሰው ሻይ ቀድታ፣ አይዞህ ብላ፣ እስከ በር የምትሸኘው እሷው ነበረች። ማልቀስ ትፈልግ ነበር፤ እምቢ ያለው ዕንባው ነው። ሐዘኑ በግድግዳ ማዶ እንደሚነጋገሩ ሰዎች ሆነባት፤ ድምፁ ይሰማታል፣ ቃሉ ግን አይለይላትም።

የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብላ የሰው ደም ትመረምራለች። «ዶክተር አይደለሁም» ብላ ብትምል ብትገዘት የሰማት የለም፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰች ወዲህ ሰፈሩ ዶክተር ብሏት ቀርቷል። እኛም እንደ ሰፈሩ ዶክተር እንበላት።

ባሏ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ የሟች ዳኛ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ሲያፏጭ እንኳ ሰምታው አታውቅም። ሳንባው ታሞ በሦስት ወር ውስጥ አለቀ። ልጅ አልወለዱም፤ በባሏ ቤተሰብ ትልቅ ግቢ ውስጥ የቀሩት ዶክተርና አማቷ ብቻ ናቸው።

አንድ ቀን ሁለቱ አንሶላ ሲያጥፉ አማቷ ድንገት፣ «ልጄን የበላው ያ ሳክስፎን ነው። በወጣትነቱ ሲነፋ ሲነፋ ሳንባውን ጨረሰው» አሉ።

«የምን ሳክስፎን እማማ?»

«ከጓደኞቹ ጋር ሸክላ አሳትሞ የለም እንዴ? አልነገረሽም?»

አልነገራትም። ዶክተር የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ሳክስፎን ሳንባ እንደማይበላ ታውቃለች፤ ያልጠበቀችው ሌላውን ነው። የባሏ ትንፋሽ በአንድ ሸክላ ላይ ተቀርጾ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። «እሱን ከሰማሁ አለቅሳለሁ» ብላ አሰበች። ሐሳቡን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘችው።

ነገሩ ግን እንዳሰበችው አልቀለለም። አልበሙ አምስት መቶ ቅጂ ብቻ ታትሞ፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት በዓመቱ ተዘግቶ፣ ዳግመኛ ለገበያ ያልወጣ ነበር። ከባንዱ ልጆች ከፊሉ ሞቷል፣ ከፊሉ የት እንደገባ አይታወቅም። የገባችበት ሙዚቃ ቤት ሁሉ «እመቤቴ፣ እሱ እኮ ድሮ ነው» እያለ ሲመልሳት፣ አንዱ ሻጭ አዝኖላት «ወደ ጠጋኙ ይሂዱ» አላት።

የጠጋኙ ሱቅ ከአንድ ጫማ መደብር ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ደረጃውን ሲወርዱ የቆዳው ሽታ ይቀርና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይቀበላል። ቴፕ፣ ሬዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል። ሱቁ ግን የጠፋ አልበም ፈላጊዎችም መሰብሰቢያ ነበረች። አንድ የታክሲ ሹፌር አለ፤ የገዛ መኪናው ቴፕ የበላበትን ካሴት ሌላ ቅጂ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ዘፈን መሃል አንድ ሰው ያስላል፣ ያ ሳል የሌለበትን ቢሰጡት አይወስድም። ጋሽ መዝገብ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር አሉ፤ የየትኛውንም ሸክላ ቁጥር ቢጠሩላቸው ዘፋኙን፣ የሽፋኑን ቀለምና የታተመበትን ዓመት ይነግሩዎታል፤ የሚስታቸውን የልደት ቀን ግን ሲረሱ ኖረዋል። ጠጋኙ ራሱ አርባን የተሻገረ፣ ላጤ፣ ጣቶቹ በብየዳ የጠቋቆሩ፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። የዶክተርን ጥያቄም ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። ሲገልጠው በዓይኗ ላይ አረፈ፣ ከሚገባውም በላይ ጥቂት ቆየ። «እንፈልገዋለን» አላት።

ፍለጋው ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣሉ፤ የተዘጋ ቡና ቤት ዕቃ ቤት፣ የሞተ ሸክላ ሰብሳቢ ልጆች ዘንድ፣ የአሮጌ ዕቃ ተራ። በሳምንቱ መሃል ደግሞ ጠጋኙ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ምድር ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ከዚያም ብሶ «ስልክ ላይ ስናገር የተጣላሁ እመስላለሁ» ይላል። የላቦራቶሪው እንግዳ ተቀባይ ፖስታውን እያገላበጠ «ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ገና አላለቀም እንዴ!» እያለ ይሰጣታል። ደብዳቤው አጭር ነው፤ «እገሌ ዘንድ ይኖራል የሚል ወሬ አለ፤ ቅዳሜ በሦስት ሰዓት።» ዶክተር አንብባ ኪሷ ትከተዋለች። ደስ ይላታል አይባልም። ሳምንቱ ግን አንድ እጀታ አገኘ፤ የሚይዙት ነገር።

አማቷ አልወደዱትም። «የዳኛ ቤት ምራት ከሬዲዮ ጠጋኝ ጋር ምን ያዞርሻል?» ይሏታል።

«ሸክላ እየፈለግን ነው እማማ።»

«ሸክላ የፈለገ ሸክላ ሠሪ ጋ ይሂዳ!»

*

እውነቱ የወጣው ማክሰኞ ቀን፣ በመርፌ ጫፍ ነው። ጋሽ መዝገብ ስኳራቸውን ሊመረመሩ መጡና እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ቀስ አድርጊያት ልጄ። እኔ የሸክላ መርፌ እንጂ የሰው መርፌ አልወድም።»

ዶክተር ክንዳቸውን አሰረች፤ የደም ሥራቸውን አገኘች።

«ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ ሳልልሽ» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «አቤት ደስ ሲል! እንዴት የጸዳ ነው! አንድ ጭረት የለውም።»

«ምኑ ጋሼ?»

«የባልሽ ሸክላ ነዋ! ከድሮ ባልደረባዬ ቤት ያገኘሁት እኔ አይደለሁም? ለጠጋኙ ስሰጠው እጁን በፎጣ ጠርጎ ነው የተቀበለኝ። ‹አሁኑኑ እወስድላታለሁ› አለኝ። ይኸው ስድስት ወሩ።» ዘወር ብለው ፊቷን አዩ። «አላመጣልሽም?»

«ጨርሻለሁ ጋሼ። ጥጡን ይያዙት።»

ቱቦው ላይ ስማቸውን ጻፈች። ቀኑን ጻፈች። ኪሷ ውስጥ ትናንት የመጣው ደብዳቤ አለ፤ «የወደቡ ከተማ ውስጥ አንድ የቀድሞ መርከበኛ ሸክላዎች አሉት ይባላል፤ ቅዳሜ እህቱን እናነጋግራለን» ይላል። ጋሽ መዝገብ እየተደናበሩ፣ ኮፍያቸውን ረስተው ወጡ። እሷ ቱቦውን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ከሆዷ ሥር የሆነ ነገር ሲግል ተሰማት። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት፤ ከዚህ ስሜት ጋር ከተለያዩ ቆይተው ነበር። ንዴት ነበር።

*

ጋዋኗን ሳታወልቅ ነው ደረጃውን የወረደችው። የታክሲ ሹፌሩ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቷን እንዳየ «እኔ እኮ መኪናዬን ያለ ቦታው ነው ያቆምኩት» ብሎ ሹልክ አለ።

ጠጋኙ አንድ የተፈታ ቴፕ ላይ ጎንበስ ብሏል። ቀና ሲል ፊቱ በራ። «እንዴት ዋሉ ዶክተር! ዛሬ እኮ ማክሰኞ…»

«ሸክላው አለህ?»

ዓመት ሙሉ እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያች «አለህ» የምትለው ቃል ጠረጴዛው ላይ እንደ ወደቀ ብረት ጮኸች። ጠጋኙ መበየጃውን አስቀመጠ። የቱ ሸክላ አላላትም። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ጀርባ በንጹሕ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና በሁለት እጁ ያዘው።

«ሰምተኸዋል?»

«አንድ ጊዜ።»

«እኔ ሳልሰማው?»

«ጭረት እንዳለው ልይ ብዬ…» አለና አቆመ። «አይ፣ ይህም ውሸት ነው። ማን እንደነበረ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«እንዳይጎዱ ብዬ ነው ልልዎት ነበር። አዘጋጅቼውም ነበር፤ ሲጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ ብዬ።» ዓይኑን ከፎጣው ላይ አላነሣም። «ግን ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ለራሴ ነው። ይህን የሰጠሁዎት ዕለት ደረጃውን ወጥተው ይሄዳሉ። ከዚያ ምን ብለው ይመለሳሉ? የሚጠገን ቴፕ እንኳ የለዎትም።»

«ደብዳቤዎቹስ? መርከበኛውስ?»

«መርከበኛ የለም።»

«ወደቡስ?»

«ወደቡ አለ» አለ ጠጋኙ፣ በጣም በቀስታ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቅ ነበር። ዶክተር ግን ከንፈሯ ነጣ። «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት። ማልቀስ ነው የፈለግሁት። አንተ ዕንባዬን ፎጣ ውስጥ ጠቅልለህ ከመደርደሪያ ጀርባ ደበቅክብኝ። ስድስት ወር!»

«ዶክተር…»

«ዶክተር አይደለሁም! ዓመት ሙሉ ነገርኩህ፣ አይደለሁም!»

ሸክላውን ከእጁ ነጥቃ ወጣች። ጠጋኙ እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። ከኋላዋ ስሟን አልጠራም፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅምና በምን ይጥራት።

ንዴቱም አልበረከተላትም። ከሱቁ በር እስከ አውቶቡሱ ድረስ ብቻ አብሯት ሄደ። መስኮት አጠገብ ወንበር አግኝታ ስትቀመጥ ጠፍቶ ነበር። የተመለሰው ያው የቀድሞው ባዶነት ነው፤ አሁን ግን ቅዳሜ የለበትም።

*

ቤት ደርሳ ነው አንድ ነገር ያስተዋለችው፤ ማጫወቻ የላቸውም። ዓመት ሙሉ ሸክላ ስትፈልግ በምን እንደምትሰማው አንድ ቀን አላሰበችም፤ በጠጋኙ ሱቅ እንደሚሰሙት ሳታውቀው ተቀብላ ነበር ማለት ነው። እናም ሸክላው ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥኑን ተደግፎ ሰነበተ። ሽፋኑ ላይ አምስት ጎረምሶች ቆመዋል። ሦስተኛው ሳክስፎን አንግቶ፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ ይስቃል። አማቷ ባለፉ ቁጥር ያዩታል።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተር ተነሥታ ታጠበች፣ ለበሰች፣ ጫማዋን አሰረች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አማቷ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ ጫማው?»

«ለምዶብኝ ነው እማማ።»

ጫማውን አላወለቀችም። እስከ ቀትር እንደዚያው ተቀምጣ ዋለች። አላዘነችም፣ አልናፈቀችም። ወይም እንደዚያ መሰላት።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ከሥራ ስትገባ የታክሲ ሹፌሩን ግቢያቸው ውስጥ አገኘችው። አንድ ትልቅ የእንጨት ማጫወቻ ታቅፎ በጉልበቱ በሩን ይገፋል። ጋሽ መዝገብ ከኋላው «ቀስ! ግራ! ግራህን አታውቅም?» እያሉ ይመሩታል። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሽቦውን ሰኩ። ጋሽ መዝገብ ቀና ብለው ሊያዩዋት አፈሩ።

«የራሴን በሽታ ላውቅ ብዬ መጥቼ የሰው ነገር አበላሸሁ» አሉ። «የላከው እሱ ነው። ይሄንንም ሰጥቶኛል።» ከኮታቸው ኪስ ፖስታ አወጡና ማጫወቻው ላይ አኖሩ። «የሱ ብቸኝነት ብዙ ነው ልጄ። ልክ ነው አላልኩም። ብዙ ነው ነው ያልኩት።»

ሻይ ቢባሉ አልተቀመጡም።

*

ባሏ የሚነፋበት ዘፈን ከሸክላው ሁለተኛ ፊት ሦስተኛው ነው። ዶክተርና አማቷ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መርፌው ወረደ፤ ጥቂት ካንሾካሾከ በኋላ ከበሮው ገባ፣ ጊታሩ ተከተለ። ከዚያ ሳክስፎኑ መጣ።

አማቷ ገና ከመጀመሩ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዶክተር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ ጠበቀች። ጥሩ ይነፋል። ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ዞሮ በጊታሩ ያሾፋል፣ የተሳሳተ መስሎ ያስደነግጥና ይስቃል። ባሏ ሲቀልድ ሰምታው አታውቅም። ይህን ልጅ አታውቀውም። እሱም አያውቃትም፤ ይህ ሲቀዳ እሷ የትምህርት ቤት ካልሲዋን የምታጥብ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ደቂቃ ያህል ቆየና ለዘፋኙ ቦታ ለቅቆ ወጣ።

ደገሙት። ለሦስተኛ ጊዜም ደገሙት። መርፌው መጨረሻው ላይ ደርሶ እየዞረ መንሾካሾክ ሲጀምር ዶክተር ጉንጯን በጣቷ ነካችው። ደረቅ ነው።

«አታለቅሺም?» አሉ አማቷ።

«አልመጣልኝም እማማ። ይሄ… ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ሰው አይደለም» አሉ አማቷ። «እሱ ነበር ልጄ። አባቱ ሲታመም ‹አባትህን የዘፋኝ አባት አድርገህ አትግደለው› አልኩት። በማግስቱ ሳክስፎኑን ሸጠ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሸሚዙን ቆለፈና ጨዋ ልጅ ሆነልኝ። እስኪሞት ድረስ ጨዋ!» መሐረቡን በጡጫቸው ጨመቁት። «አንቺ ያገባሽው እኔ ዝም ያሰኘሁትን ነው።»

ዶክተር እጃቸውን ያዘች።

«በይ ወረቀቱን አንብቢው» አሉ አማቷ አፍንጫቸውን ጠርገው። «ጮክ ብለሽ። የውሸታሙን ደብዳቤ እስቲ ልስማው።»

ፖስታውን ከፈተችው። እንደ ወትሮው አጭር አልነበረም።

«ለእርስዎ፣

«ሸክላው እጄ ከገባ በኋላ ሃያ ስድስት ቅዳሜ አብረን ወጥተናል። ሃያ ስድስቱንም ቦታ የመረጥኩት ሸክላው እንደሌለበት አውቄ ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ብዕር አንሥቼ ተውኩት፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዳግም አያደርገውም፣ እኔ ግን ጋሽ መዝገብ ባይታመሙ ኖሮ ወደ ሃያ ሰባተኛውም እወስድዎት ነበር።

«ነገር ግን በደብዳቤዎቼ ያልጻፍኩት እውነት አለ። በሁለተኛው ቅዳሜ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ አቧራው ገብቶብዎ ሰባት ጊዜ አከታትለው አስነጠሱ። በስምንተኛው ሳቁ። እንደሳቁ ያወቁት አልመሰለኝም። በሰባተኛው ቅዳሜ፣ ያች ሴትዮ ሸክላዎቹን የአበባ ማሰሮ ማስቀመጫ አድርጋ ስናገኛት፣ ቃል ሳይናገሩ አንድ በአንድ እያነሡ በቀሚስዎ ጫፍ ጠረጉላት፤ ሴትዮዋ አፍራ ሻይ አፈላችልን። በአሥራ አራተኛው ዝናብ መታን፤ ፌርማታው ሥር ቆመን የሆነ ዜማ አንጎራጎሩ። የምን ዜማ ነው ልልዎ ፈልጌ እንዳያቆሙ ፈራሁ። በሃያ አንደኛው አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደዎትና ራስዎ ትከሻዬ ላይ አረፈ። መውረጃችን አልፎ ሦስት ፌርማታ ሄድን። አሽከርካሪው ነው ያሳለፈን አልኩዎት፤ እሱም ውሸት ነበር።

«ሁልጊዜ ‹ምንም አይሰማኝም› ይሉኛል። የእኔ ሥራ መስማት ነው። ሰው ‹አልቆለታል› ብሎ የሚያመጣልኝን ቴፕ ሁሉ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጣለሁ። አንዳንዱ እውነትም አልቆለታል። የእርስዎ ግን አላለቀም። ዓመት ሙሉ አጠገብዎ ቆሜ ሰምቻለሁ።

«ማጫወቻው የራሴ ነው። መመለስ አያስፈልግም።»

ዶክተር ወረቀቱን ወደ ጉልበቷ አወረደችው። ማስነጠሱ ትዝ አላት። አቧራውም ትዝ አላት። ሳቁ ግን የለም፤ ብትፈልግ ብትፈልግ የለም።

«እማማ፣ እኔ እስቃለሁ?»

አማቷ መስኮቱን እያዩ መለሱላት። «ሳቅሽን አላየሁም። ቅዳሜ ማታ ዕቃ ስታጥቢ ግን ታንጎራጉሪያለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ ነዋ! ከማን ጋር ነው የምኖረው? ልጄ አፈር ገብቶ ሚስቱ ታንጎራጉራለች ብዬ አንጀቴ ያር ነበር። ያን ጠጋኝ የጠላሁት በሥራው መሰለሽ? በዚያ ነው።» ተነሡ፤ ማጫወቻው አጠገብ ሄደው መርፌውን ከሸክላው ላይ ለማንሣት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውምና ተዉት። «ባጠፋም አንዴ ነው። በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሙዚቃ አላስቆምም።»

ዶክተር ተነሥታ መርፌውን አነሣችው። ቤቱ ጸጥ አለ። «ሰው ስለ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ» ብላ አሰበች፤ እውነት ይሁን ውሸት መለየት የማትችለው ነገር። ከሐዘኑ ይልቅ ይህ አስፈራት።

*

ቅዳሜ ጠዋት ማጫወቻውን ይዛ ወጣች። ሹፌሩን መጥራት ትችል ነበር፤ አልጠራችውም። አማቷ በሩን ከፈቱላት፣ የአንገት ልብሷን አስተካከሉላት። አውቶቡስ ውስጥ ታቅፋው ተቀመጠች። ፌርማታው ከጫማ መደብሩ ሦስት መንገድ ይርቃል፤ ሦስቱንም በእግሯ ሄደች። ሁለት ጊዜ አጥር ላይ አስደግፋ አረፈች። አንድ ሰው «ላግዝዎት?» ቢላት «አይ፣ የራሴ ነው» አለችው፤ ለምን እንደዋሸች አላወቀችም።

ጠጋኙ የመጀመሪያ እርምጃዋን ደረጃው ላይ ሲሰማ ቀና አለ። ሊነሣ ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ እንዲያግዛት ይፈቀድለት አይፈቀድለት አላወቀም። እሷም አግዘኝ አላለችውም። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«መመለስ አያስፈልግም ብዬ ጽፌ ነበር።»

«አንብቤዋለሁ።»

ሱቁ ባዶ ነው። የተፈቱ ቴፖች ሆዳቸውን ከፍተው መደርደሪያው ላይ ተኝተዋል። ጠጋኙ ጺሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ሰሙት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አለቀሱ?»

«አላለቀስኩም።» ወንበሩን ስባ አልተቀመጠችም። «አልተውኩህም ደግሞ። ገና እንደተቆጣሁ ነኝ።»

«አይተዉኝ» አለ ጠጋኙ። «የቻሉትን ያህል ይቆጡ።»

«ተቆጥቼ ሳለሁ እርስዎ አትበለኝ። ቁጣዬ ማረፊያ ያጣል።»

ጠጋኙ ዓመት ሙሉ የለመደውን ቃል ከምላሱ ላይ ለማንሣት የተቸገረ ይመስል ነበር። «እሺ» አለ። «እሺ… አንቺ።»

ቃሏ ትንሽ ናት፤ ምድር ቤቱን ግን ሞላችው።

«በዝናቡ ቀን» አለች ዶክተር፣ ዓይኗን ከዓይኑ ሳታነሣ። «ያንጎራጎርኩት ምን ነበር?»

ዓይኑን ጨፈነና አንጎራጎረላት። ድምፁ የሚያምር አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይም ዜማው ተሰበረበት፤ ግን አልተወውም፤ ካቆመበት ጀምሮ ጨረሰው። ዜማው ወጣ ይልና ዞሮ ይመለሳል። አላወቀችውም።

«የምን ዘፈን ነው?»

«እንጃ። ጋሽ መዝገብን ጠይቄያቸው ነበር። በየትኛውም ሸክላ፣ በየትኛውም ካሴት የለም አሉኝ። እሳቸው ከሌለ ካሉ ደግሞ የለም።» ዓይኑን ገለጠ። «ያለው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው።»

ያኔ ነው ጠጋኙ ቁልቁል ያየው።

«ከፌርማታው እዚህ ድረስ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው? እጅሽን ተመልከቺው።»

ተመለከተችው። የእንጨቱ ጠርዝ ሁለቱንም መዳፏን አቋርጦ ቀይ መስመር ሠርቷል፤ አንዱ ጋ ቆዳው ተልጧል። መንገድ ላይ አልተሰማትም ነበር። አሁን፣ እያየችው፣ መጣ። መጀመሪያ ከጣቶቿ ሥር፣ ከዚያ ወደ አንጓዋ፣ እየጋለ።

«ያመኛል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ መገረም ነበር።

«ቆይ ውኃ ላምጣ፤ ንጹሕ ጨርቅም አለኝ» ብሎ ተነሣ።

«ተው። አታምጣ።»

ጠጋኙ ባለበት ቆመ። ዶክተር ሁለት መዳፏን ወደ መብራቱ ዘርግታ፣ ሕመሙ ቀስ እያለ ወደ ክርኗ ሲወጣ፣ እዚያም ሳይቆም ወደ ደረቷ፣ ወደ ዓይኗ ሲቀጥል፣ ማንም እንዳያስቆምባት ፈልጋ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው።